ከስፍር እስከ ነጥብ

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት ያህል ክፉ ቀን ኢትዮጵያን ሲያራቁት፣ የደስታ በሽታ በሬውን ፈጅቶበት ገበሬው መሬቱን በዶማ ሲቧጥጥ፣ አሜሪካ ውስጥ ዊልበር አትዋተር የተባለ ኬሚስት ምግብን በቁጥር ለመተመን ደፋ ቀና ይል ነበር። ሰውየውን ያሳሰበው ውፍረት አልነበረም። የፋብሪካ ሠራተኛ ከደመወዙ በስንት ሳንቲም ጉልበቱን የሚጠግንለት ምግብ ሊገዛ ይችላል? ይህን ለመመለስ በቅድሚያ እያንዳንዱ ምግብ የሚሰጠውን ጉልበት መለካት ነበረበት።

አትዋተር በኮኔክቲከት ግዛት፣ ሚድልታውን በምትባል ከተማ ከሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ፣ ከፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ሮዛ ጋር ሆኖ ዙሪያው የተዘጋ ጠባብ ክፍል ሠራ። አንድ ሰው እዚያ ውስጥ ለቀናት ይቀመጣል፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ብስክሌት ይነዳል። ውጭ የቆሙት ከገላው የሚወጣውን ሙቀትና የሚተነፍሰውን አየር ይለካሉ። ከአትዋተር ምርምር የተገኘው ሒሳብ ዛሬም በታሸገ ምግብ ጀርባ ላይ ለሚነበበው ቁጥር መሠረት ነው። አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ስኳር 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ። የአሜሪካ ምግቦችን ይዘት የዘረዘረው ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1896 ታተመ። በእኛ 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የዐድዋ ዓመት።

ለሠራተኛ ጉልበት የተቀመረው ካሎሪ ፊቱን ወደ ቦርጭ ያዞረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ሉሉ ሀንት ፒተርስ የተባለች የሎስ አንጀለስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመችው መጽሐፍ ዳቦን በቁራሽ፣ ሥጋን በብልት መጥራት ቀርቶ ሁሉም በካሎሪ እንዲጠራ መከረች። ራሷ ከ30 ኪሎ በላይ ቀንሳ ስለነበር የምታወራውን ታውቃለች። ሴቶች ተሰባስበው በአንድነት እንዲመዘኑም ሐሳብ አቀረበች። በጦርነት ዘመን አብዝቶ መብላት ከወታደሩ አፍ እንደመንጠቅ ይታይ ስለነበር መጽሐፉ እንደ ጉድ ተሸጠ።

ወደ ኢትዮጵያ ካሎሪ የገባው በሌላ በር ነው። በ1951 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው የሥነ ምግብ ኮሚቴ ባለሙያዎች አገሪቱን እየዞሩ ወታደሩንም ሲቪሉንም መዘኑ፤ ደም ወሰዱ፤ በየቤቱ የሚበላውን መዘገቡ። ጥቂት ቆይቶ በስዊድን እርዳታ የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። የዚያ ትውልድ እናት ሁሉ የምታውቀው ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ የወጣው ከዚሁ ተቋም ነው። ባለሙያዎቹ ይፈልጉ የነበረው የጎደለውን ነው፤ ፕሮቲን ያነሰው፣ ቫይታሚን ያጠረው፣ ክብደቱ የቀነሰው ሕፃን የት አለ? የተረፈውን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ያኔ ኒው ዮርክ ውስጥ የሚጠየቀው ደግሞ የተረፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በኩዊንስ ሰፈር የምትኖር የአውቶቡስ ሹፌር ሚስት፣ ጂን ኒዴች፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ የምታውቃትን ሴት አገኘች። ሴትየዋ አየት አድርጋት «መቼ ነው የምትወልጂው?» አለቻት። ጂን እርጉዝ አልነበረችም። 97 ኪሎ ትመዝን ነበር። በእኛ አገር «ተመችቶሻል» የሚያሰኘው ሰውነት ጂንን አንገት አስደፋት። ወደ ከተማዋ ጤና ቢሮ የውፍረት ክሊኒክ ሄደች። እዚያም የታተመ የምግብ ዝርዝር ተሰጣት፤ ይህን ብዪ፣ ያን አትንኪ።

ዝርዝሩን ተከተለች፤ ግን በልብስ ቅርጫት ውስጥ ደብቃ የምትበላውን ብስኩት መተው አቃታት፤ ለክሊኒኩ ባለሙያ መናገርም አፈረች። ስለዚህ እሷን የመሰሉ ስድስት ጓደኞቿን ቤቷ ጠርታ ብስኩቱን ነገረቻቸው። እነሱም የየራሳቸውን መደበቂያ አወጡ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ ሌሎችንም አስከትለው። እ.ኤ.አ. በ1962 መጸው ጂን 64 ኪሎ ገባች። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ከአል እና ፌሊስ ሊፐርት ባልና ሚስት ጋር ሆና ዌይት ዋቸርስ የሚባለውን ኩባንያ አቋቋመች። የመግቢያው ዋጋ ሁለት ዶላር፣ የሲኒማ ቲኬት ያህል ነበር።

በዚያ ዘመን ነጥብ የሚባል ነገር የለም። የጂን መርሐ ግብር ያው የክሊኒኩ ጥብቅ ዝርዝር ሲሆን ዓሣ በሳምንት አምስት ጊዜ፣ ጉበት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይታዘዝ ነበር። ለሕክምናው ዓለም አዲስ ነገር የጨመረው መድረኩ ነው። ሴቶች በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ ቁጥሩ ይመዘገባል፤ ከዚያ ወንበር ይዘው ያወራሉ። ሰብሳቢዋ ሐኪም አይደለችም፤ ቀንሳ ያሳየች የቀድሞ ወፍራም ናት። በእኛ አገር ማኅበር ወይም ዕድር የሚያውቅ ሰው የዚህ ነገር ጉልበት የት እንዳለ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ በወር አንድ ቀን ፊት ለፊት የሚያዩት ሰው መኖሩ ብቻውን ያስተካክላል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም ጉናር አግሬን እና ሮዛሊንድ ጊብሰን ያዘጋጁትን የኢትዮጵያ ምግቦች የይዘት ሰንጠረዥ አወጣ። አትዋተር ለአሜሪካ ዳቦና ሥጋ የሠራውን እነዚህ ባለሙያዎች ለጤፍ፣ ለማሽላ፣ ለሽሮ፣ ለበርበሬ ሠሩት። እንጀራም የራሱ ቁጥር ኖረው።

ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣውን ማንም ደራሲ እንዲህ አድርጎ አይፈጥረውም። በሰኔ 1965 ዓ.ም. ዌይት ዋቸርስ አሥረኛ ዓመቱን በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ሲያከብር ከ15 ሺህ የማያንስ ሰው ተሰበሰበ፤ ጂን በጭብጨባ መሀል መድረክ ላይ ወጣች። በዚያው ሰኔ ከደሴ ወደ ወልድያ፣ ከዚያም በቆቦ አድርጎ ወደ ኮረም በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር የወሎ ገበሬ ከነቤተሰቡ ወድቆ ነበር። መርሳና ሐራ ያሉበት የያኔው የጁ አውራጃ ከራያና ቆቦ ጋር ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። ከወልድያ በስተምሥራቅ በኩል ያለው የሐራ ሜዳ ወደ አፋር የሚወርድ ቆላ ነው፤ ዝናብ ሲቀር ማሽላውም የአፋሩ ከብትም አብሮ ያልቃል።

ከጥቂት ወራት በፊት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን ጨምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ስድስት ኪሎ ላይ አሳይተው ነበር። መንግሥት ግን ረኀቡን ደበቀ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ምስጢሩ አደባባይ ወጣ። የሟቹ ቁጥር ዛሬም አከራካሪ ነው፤ ግምቱ ከብዙ አሥር ሺዎች እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በኋላ መረጃውን አገላብጠው ሲያጠኑት የደረሱበት ነገር ከራሱ ከረኀቡ ባልተናነሰ ያስደነግጣል። የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አልወደቀም፤ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ሰማይ አልነካም፤ ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የተጫነ እህልም ነበር። የጠፋው የገበሬው የመግዛት አቅም ነው።

በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ካሎሪም በወሎ የመጋዘን ቋንቋ ሆነ። ለአንድ ሰው በቀን ስንት ግራም እህል፣ ስንት ግራም ዘይት? ዛሬ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅቶች እንደ መነሻ የሚይዙት 2,100 ካሎሪ ነው።

ዌይት ዋቸርስ በበኩሉ ሀብት እየሆነ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1978 በኬቻፕ የሚታወቀው ሄንዝ ገዛው። ሰውን እንዳይበላ የሚመክር ኩባንያ የምግብ አምራች ንብረት መሆኑ የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በስብሰባው ላይ የተመዘነችው ሴት ስትወጣ በኩባንያው ስም የታሸገውን እራት ትገዛለች።

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ስለ ሌላ ረኀብ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። በዚያው ሰሞን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ላይ ግን ብዙም ያልተነገረ ሌላ ታሪክ ተጀመረ። በአራት ዓመት ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በታች ያሉትን የመረመሩ ሐኪሞች ወደ 9 በመቶ በሚጠጉት ላይ የስኳር በሽታ አገኙ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲታተም ብዙዎችን አስገረመ፤ እነዚህ ሰዎች ከገጠር ጎንደርና ከትግራይ የመጡ፣ ዘመናቸውን በእግር የኖሩ ናቸው። ነጭ ዳቦና ስኳር በቅርብ ተገኘ፤ እግር አረፈ። ከሁሉ የሚገርመው ብዙዎቹ ወፍራም አለመሆናቸው ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶችም ኢትዮጵያዊ ሰውነት ሚዛን ላይ ጤነኛ በሚባል ክብደት ሳለ ስኳር ሊይዘው እንደሚችል ደጋግመው አሳይተዋል። ይህን ነጥብ መያዝ ያስፈልጋል፤ በኋላ ይመጣል።

ነጥብ ራሱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ በ1997 ሥራ ላይ ዋለ። የኩባንያው ሰዎች አንድ ነገር አስተውለው ነበር፤ ሰው 1,340 የሚባል ቁጥር መደመር ይሰለቸዋል፤ 22 ግን ይይዛል። ስለዚህ ካሎሪው ለ50፣ የቅባቱ ግራም ለ12 ተካፍሎ ተደመረ፤ ከዚያ ላይ የፋይበሩ ግራም (ከ4 ሳያልፍ) ለ5 ተካፍሎ ተቀነሰ። የተገኘው ወደ ቅርቡ ሲጠጋጋ የምግቡ ነጥብ ሆነ። ለአባሉም እንደ ክብደቱ የቀን በጀት ተሰጠው። ከ70 እስከ 80 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሴት ከ20 እስከ 25 ነጥብ ትይዛለች፤ ከባዱ ሰው ከ30 በላይ ያገኛል። የተከለከለ ምግብ የለም። ኬክ ይበላል፤ ግን ይመነዘራል። ጠዋት ያባከነ ማታ ይጾማል።

ይህን ሒሳብ ወደ ሐራ ገበያ ማውረድ ይቻላል። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ሰባት ነጥብ ያህል ይመጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ሲጠጋጋ አራት ይሆናል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የተጨመረበት ሻይ አንድ ነጥብ ነው፤ በቀን አምስት ሻይ የሚጠጣ የጭነት መኪና ሹፌር አምስት ነጥቡን ሳያውቀው ጠጥቶታል። ቡናውን በጨው የሚጠጣ ወሎዬ በዚህ ስሌት ምንም የለበትም፤ ነጥብ ጨው አይቆጥርምና። የደም ግፊቱ ግን ይቆጥራል።

ሒሳቡ የሚሰናከለው ገበታው ላይ ነው። መርሐ ግብሩ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን እንዳለው አድርጎ ያስባል። አምስት እጅ በሚወርድበት ትሪ ላይ የማን ድርሻ የት ላይ እንደሚያልቅ ማን ያውቃል? ወጡ ውስጥ የገባውን ዘይት የምታውቀው ያቁላላችው ሴት ናት፤ እሷም በጠብታ አልሰፈረችም። ጉርሻ ደግሞ ከነጭራሹ ለቆጠራ አይመችም፤ አልፈልግም ማለት ነውር ነውና።

መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ በሁለት ሃይማኖት የሚጾም አገር መሆኑም ነገሩን ያወሳስበዋል። ኦርቶዶክሱ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል፤ ካህናቱ እስከ 250 ይደርሳሉ። ሙስሊሙ በረመዳን ቀኑን ሙሉ አፉን ይዘጋል። ሁለቱም ዓይነቱንና ሰዓቱን ይገድባሉ፤ መጠኑን ለሰውየው ይተዋሉ። ከመግሪብ በኋላ ሳምቡሳ በላይ በላዩ፣ በሑዳዴ ደግሞ በዘይት የራሰ ሽሮ በሦስት እንጀራ ሊበላ ይችላል። ጾም የነፍስ ጉዳይ ስለሆነ ከሚዛን ጋር ማወዳደሩ ተገቢ ላይሆን ይችላል፤ ለሐኪሙ ግን ታካሚው ስኳር ካለበት ሁለቱም የሥራው አካል ናቸው።

ኒው ዮርክ ነጥብን ያገኘችው በእነሱ 1997 ነው። በእኛ 1997 ዓ.ም. ደግሞ ሀብሩን ጨምሮ በሰሜን ወሎ ወረዳዎች ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጀመረ። በወር ለአንድ ሰው አምስት የሥራ ቀን፣ ለአንድ ቀን ሦስት ኪሎ እህል ወይም ዋጋው፤ በድምሩ 15 ኪሎ። ገበሬው እርከን ይሠራል፣ ድንጋይ ይክባል፣ ውሃ ማቆር ይቆፍራል። 15 ኪሎ ስንዴ በቀን ግማሽ ኪሎ ነው፤ ወደ 1,700 ካሎሪ። በዌይት ዋቸርስ መዝገብ ቢጻፍ 34 ነጥብ ገደማ ይሆናል። ወንበር ላይ ውላ ክብደት ለመቀነስ የምትጥር የኩዊንስ ሴት 22 ስትይዝ፣ ተራራ የሚደረድረው የሀብሩ ገበሬ በ34 ይሠራል ማለት ነው፤ ያም ስፍሩ ሳይሸራረፍ፣ በሰዓቱ ከደረሰለት። አንድ የመለኪያ አሃድ እንዲህ ተራርቀው የቆሙ ሁለት ሰዎችን ማገልገሉ እንግዳ ነገር ነው።

ነጥብ ይሠራል ወይ? የሚለው ጥያቄ በሐኪሞች ሚዛን ላይ የወጣው በዚሁ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የታተመው ጥናት 423 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታተለ። ስብሰባ የገቡት በመጀመሪያው ዓመት 4.3 ኪሎ ቀነሱ፤ በሁለተኛው መጨረሻ ላይ የቀረላቸው ቅናሽ 2.9 ኪሎ ነበር። በራሳቸው የሞከሩት 0.2 ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣው ሌላ ጥናት በአውስትራሊያ፣ በጀርመንና በእንግሊዝ 772 ሰዎችን ሲያወዳድር ሐኪም ወደ ዌይት ዋቸርስ የላካቸው በዓመቱ 5 ኪሎ ያህል፣ ሐኪሙ ራሱ የመከራቸው ግን ከ2 ኪሎ ትንሽ በለጥ ያለ ቀንሰዋል። ሁለቱንም ጥናቶች በገንዘብ የደገፈው ኩባንያው መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ቁጥሮቹ ግን ከሌሎች ጥናቶች ጋር ብዙም አይጋጩም።

ማስታወቂያው ላይ የሚታየው 40 ኪሎ የቀነሰ ሰው እንግዲህ እውነት ቢሆንም ብርቅ ነው። ተራው አባል ከአምስት ኪሎ አይዘልም፤ ከዚያም ከፊሉ ተመልሶ ይመጣል። ታዲያ ይህ ዋጋ አለው? አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው የአሜሪካ የስኳር መከላከያ ጥናት ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ 3,234 ሰዎችን ወስዶ፣ ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ መውረዱን አሳየ። መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ያን ያህል አላወረደም። የደም ግፊትም፣ የጉበት ስብም፣ የጉልበት ሕመምም በጥቂት ኪሎ ይሻላሉ።

እንግሊዞች 1,267 ሰው ይዘው እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት አንድ ነገር ጨመረ። አሥራ ሁለት ሳምንት ከተከታተሉት ይልቅ ሙሉ ዓመት የተከታተሉት የበለጠ ቀነሱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም 4.3 ኪሎ ዝቅ ብለው ተገኙ። የቀመሩ ብልኀት ብቻ ቢሆን ኖሮ አሥራ ሁለት ሳምንት ለመማር ይበቃ ነበር። ውጤቱ የሚያመለክተው ጂን ከስድስቱ ጓደኞቿ ጋር ያገኘችውን ነገር ነው፤ ሰው የሚሄድበት ቦታና የሚጠብቀው ሚዛን ሲኖረው ይጠነክራል።

ኩባንያው ግን ቀመሩን ደጋግሞ ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2010 ካሎሪውን ትቶ ፕሮቲንን፣ ካርቦሃይድሬትን፣ ቅባትንና ፋይበርን ለየብቻ አሰላ፤ ፍራፍሬን ዜሮ አደረገ። በ2015 ስኳርና ጠጣር ቅባት ላይ ቅጣት ጣለ። በ2017 መጨረሻ እንቁላል፣ ዓሣ፣ የዶሮ ደረት፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ ዜሮ ነጥብ ተባሉ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የሑዳዴ ጓዳ ማለት ናቸው፤ ዘይቱና እንጀራው ሲቀር። እያንዳንዱ ለውጥ ከሥነ ምግብ ሳይንስ ጋር የተራመደ ቢሆንም አዲስ መጽሐፍ፣ አዲስ ማስሊያ፣ አዲስ ምዝገባ ማስከተሉን ነጋዴዎቹ አልጠሉትም።

በዚህ መሀል የኢትዮጵያም ቁጥር መዞር ጀምሯል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ሴቶች 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 8 በመቶ ደረሱ። የከሱት ከ30 ወደ 22 በመቶ ወረዱ። በዚያ ዓመት ሁለቱ መስመሮች ገና አልተገናኙም ነበር፤ ግን አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ ይወጣል፤ ከተማ ውስጥ ከአምስት ሴቶች አንዷ ያህል ከመጠን በላይ ትመዝን ነበር። ሐራም በዚያው ዘመን ስሟ በትልቅ ካርታ ላይ ሰፈረ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ መዳረሻው ሐራ ገበያ፣ ወደ መቀሌ የሚያልፈው ሐዲድም መነሻው ሐራ ገበያ ተባለ። ከማሽላ ማሳው መሀል የቱርክና የቻይና ማሽኖች ቆሙ፤ የቀን ሠራተኛው ከሜዳው ጉልበት ወደ ደመወዝ ገባ፤ በየሱቁ ለስላሳ፣ ብስኩትና የታሸገ ዘይት በረከተ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ኦፕራ ዊንፍሪ የዌይት ዋቸርስን 10 በመቶ ድርሻ በ43 ሚሊዮን ዶላር ገዛች፤ አክሲዮኑ በአንድ ቀን እጥፍ ወጣ። በ2018 ኩባንያው ስሙን አሳጥሮ «ደብልዩ ደብልዩ» አለው፤ «ዌይት»፣ ማለትም ክብደት፣ የሚለው ቃል አሳፋሪ ሆኖ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ከ8 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ኩርቦ የሚባል የስልክ መተግበሪያ አወጣ። የአመጋገብ መታወክን የሚያክሙ ሐኪሞች ጮኹ፤ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ጉርሱን በቀይና በአረንጓዴ እየመዘገበ ሲያድግ ከምግብ ጋር ጠበኛ ሊሆን ይችላል አሉ። ኩባንያውን ያስቀጣው ግን ሌላ ነው። ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ በመሰብሰቡ እ.ኤ.አ. በ2022 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍልና መረጃውን ሊደመስስ ተስማማ።

የኢትዮጵያ መንግሥት የመረጠው መንገድ ግብር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ስኳር የበዛባቸውን ለስላሳ መጠጦችና ጎጂ የሚባሉትን የረጉ ቅባቶች ግብር ጣለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የመጀመሪያውን አገራዊ የአመጋገብ መመሪያ ይፋ አደረገ። መመሪያው ነጥብም ካሎሪም አያስቆጥርም። ከተለያዩ የምግብ ምድቦች አሰባጥራችሁ ብሉ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ጨምሩ፣ ስኳር፣ ጨውና ዘይት ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ ይላል። ከአንድ ትሪ ለሚበላ ሕዝብ የሚቀለው ይሄ ነው፤ ወጡን የምትሠራው ሴት እጇን ከዘይቱ ሰብሰብ ብታደርግ ገበታው ሁሉ አብሮ ይቀንሳል። ፍራፍሬው በሀብሩ ብርቅ አይደለም፤ መርሳ በማንጎና በብርቱካን የታወቀች ናት።

መመሪያው ሲጻፍ ግን ወልድያ፣ መርሳና ሐራ ስለ ስኳር ቅነሳ የሚወያዩበት ጊዜ አልነበረም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በላያቸው ላይ አለፈ። የጤና ተቋማት መድኃኒት አጡ፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ለሳምንታት ማዘግየት አይችልም። ሴፍቲኔቱ ተቋርጦ እንደገና ስፍር መጣ።

በዓለም በኩል ነጥብን ያናጋው መርፌ ነው። ሰማግሉታይድ የሚባለው መድኃኒት፣ ለስኳር ኦዜምፒክ፣ ለክብደት ወጎቪ ተብሎ የሚሸጠው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት በ68 ሳምንት ከሰውነት ክብደት 15 በመቶ ያህል አወረደ። ስብሰባና ቆጠራ በሦስት እጥፍ ተበለጡ። ኩባንያው በ2023 መርፌውን በስልክ የሚያዝ ድርጅት በ106 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ከጠላቱ ጋር ታረቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኦፕራ ራሷ መድኃኒት እንደምትወስድ ተናገረች፤ በቀጣዩ ከቦርዱ ወጣች። በ2017 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ፣ በሚያዝያ መጨረሻ፣ ዌይት ዋቸርስ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ ዕዳውን ለማራገፍ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ዕዳውን አራግፎ በክረምቱ መግቢያ ሥራውን ቀጥሏል።

ከዚያው ፋሲካ በፊት ባንኮክ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ሌላ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። በረኀብና በምግብ እጥረት ሰውነታቸው የተጎዳ፣ ቀጫጭን ሰዎችን የሚይዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ ተቀበለ። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1955 ጃማይካ ውስጥ ተገልጾ፣ በ1985 በዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ገብቶ፣ በ1999 የወጣ ነው። የጎንደር ሐኪሞች ግን አልረሱትም። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከጎንደርና ከጅማ ገጠር ኢንሱሊን ፈልገው የሚመጡት አብዛኛዎቹ ድሃና የከሱ ገበሬዎች መሆናቸውን አሳይተው፣ መዝገቡ እንደገና እንዲከፈት ጠይቀው ነበር።

ለእንዲህ ያለ ታካሚ «ቀንስ» የሚለው ምክር ጉዳት ነው። የሚያስፈልገው ተጨማሪ ምግብ፣ በተለይ ፕሮቲን፣ ኢንሱሊኑም በጥንቃቄ የተመጠነ ነው። በሐራ ጤና ጣቢያ በአንድ ቀን ሁለት ባለ ስኳር ሊሰለፉ ይችላሉ፤ አንዱ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የወፈረ ነጋዴ፣ ሌላው በልጅነቱ ረኀብ ያለፈበት ገበሬ። የደማቸው ስኳር አንድ ዓይነት ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱን የሚለየውን መስፈርትና የሕክምና መመሪያ እንዲያዘጋጅ ፌዴሬሽኑ በኒው ዮርክ ብሮንክስ የሚሠሩትን ዶክተር ሜሬዲት ሆኪንስን እና በሕንድ ቬሎር ያሉትን ዶክተር ኒሃል ቶማስን የመሪነቱን ኃላፊነት ሰጥቶ ቡድን አቋቁሟል። ለሥራው የተሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው።